የባሕር ዛፍ ቅርፊት ለአበባ መደብ ጉዝጓዝ፦ ድሬዳዋ ላይ ያዋጣል?

ሳቢያን_ግቢ፦

ሰላም ለናንተ። ሳቢያን ያለ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ላይ ጉዝጓዝ ልናለብስ ነው። በቤቱ ግድግዳ ሥር 12 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መደብ አለ፤ ጽጌረዳ፣ ቡገንቪላና ጥግ ላይ እሬት ተተክሎበታል። መሃል ግቢ ሁለት የደረሱ ማንጎዎችና አንድ ሎሚ አሉ። አፈሩ አሸዋማ ነው። ውሃው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ የሚጋግረው የታወቀው የድሬ ውሃ ነው። ሁሌም ማታ ማታ በጎማ ላይ ላዩን ይጠጣል፣ ጠዋት ሲታይ ግን ደርቋል።

አጠና የሚልጡ ሰዎች የባሕር ዛፍ ቅርፊት በማዳበሪያ እየሞሉ እናምጣላችሁ ብለዋል። ጥያቄዎቼ፦ እንዳለ ይነጠፋል ወይስ መዘጋጀት አለበት? ውፍረቱ ስንት ይሁን፣ ስንት ማዳበሪያ ይበቃል? ምስጥ አይጠራም ወይ? ግቢው ወደ በሩ ስላዘነበለ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ያቋርጠዋል፤ ጠርጎ አይወስደውም? የተረፈ ነገር ካለ ጨምሩልኝ።


የመደብ_ሰው፦

እህቴ፣ ያዋጣል፤ እንደመጣ ከነጠፋችሁት ግን አያዋጣም።

ውጭ አገር ቪዲዮ ላይ የሚታየው ቡናማ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ የፓይን ቅርፊት ነው፤ ተሰባብሮና ተነፍቶ፣ ብዙውን ጊዜም ተከምሮ ከርሞ የሚሸጥ። እናንተ ጋ የሚመጣው የባሕር ዛፍ ልጣጭ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ረጃጅም ክር ነው፤ ተደራርቦ ሲተኛ እንደ ሣር ክዳን ይሆንና ውሃውን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ሁለተኛ፣ ትኩሱ ቅርፊት ውስጥ ያለው ዘይትና ታኒን የሚባለው መራራ ነገር ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ለጋ ሥርም ይጎዳል። የደረሰ ማንጎ ላይ ያን ያህል አይታይም፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ ላይ ግን ይታያል።

ስለዚህ መጀመሪያ መክተፍ። በገጀራ ግንድ ላይ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ዘዴው ልጣጩ እርጥብ ሳለ መቁረጥ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ገጀራውን ይመልሳል። ያልተከተፈ ልጣጭ ሲከተፍ መጠኑ በጣም ስለሚወርድ ሒሳባችሁን በተከተፈው ሥሩ፤ ማዳበሪያ ሲቆጠርም ሰዎቹ የሚያመጡትን ያበጠ ማዳበሪያ አትቁጠሩ።

ቀጥሎ መከመር። ጥላ ሥር ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ከፍታ ከምሩት። ለአሥር እጅ ቅርፊት አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ጣልቃ ጣልቃ አድርጉበት። እየከመራችሁ ውሃ አጠጡ፤ የድሬ ሙቀት ክምሩን ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚያደርቀው በባዶ ማዳበሪያ ሸፍኑት። እፍኝ አንስታችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ካለ በቂ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ ደርቋል። በየሁለት ሳምንቱ የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አገላብጡ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል።

ሽታውን ተከታተሉ። የደረሰ ቅርፊት የጫካ አፈር ይሸታል። ኮምጣጤ ወይም የገማ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቶ ቦክቷል ማለት ነው፤ ያ አሲድ ቅጠል ሥር ከተነጠፈ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር አሳስታችሁ መሬት ላይ ዘርጉት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ ሽታው እስኪጠፋ ለጥቂት ቀናት አናፍሱት።

መድረሱን ለማረጋገጥ ፌጦ ተጠቀሙ፤ ከፌጦ የተሻለ መርማሪ የለም። አንድ ጣሳ ቅርፊት በሁለት ጣሳ ውሃ አሳድሩ። ሁለት ሰሃን ላይ ጥጥ አንጥፉና በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ፍሬ በትኑ። አንዱን በቅርፊቱ ውሃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። በአራት አምስት ቀን እኩል ከበቀሉ ቅርፊቱ ደርሷል። በቅርፊቱ ውሃ የበቀለው ካነሰ ወይም ሥሩ አጥሮ ቡናማ ከሆነ ሦስት ሳምንት ጨምሩለት።

ውፍረት፦ ለመደቡ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ለማንጎው 8። ከ10 ካለፈ አየር ያፍናል፤ ከ5 ካነሰ ፀሐይ አልፎ አፈሩን ያገኘዋል፣ አረሙም ይወጣል።

ብዛቱን ግንባታ ላይ አሸዋ በሚለካበት ሳጥን አስሉት። 50 በ40 በ20 የሆነው ሳጥን 40 ሊትር ይይዛል።
መደቡ፦ 12 × 1.2 = 14.4 ካሬ፤ በ7 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር ኩብ ገደማ፣ 25 ሳጥን።
ማንጎዎቹ፦ ከግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ጀምራችሁ እስከ 1.5 ሜትር ብታለብሱ እያንዳንዱ 7 ካሬ ያህል ነው። ሁለቱ በ8 ሳንቲ ሜትር 1.1 ሜትር ኩብ፣ 28 ሳጥን።
ሎሚው፦ ከ30 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ወደ 3 ካሬ፤ 5 ሳጥን።
ድምሩ 58 ሳጥን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረግቶ ስለሚወርድ አንድ አምስተኛ ጨምሩና 70 ያዙ። አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ሳይጠቀጠቅ ሁለት ሳጥን ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ወደ 35 ማዳበሪያ የተከተፈ።

አሁን ትልቁ ጉዳይ፣ ውሃው። ጉዝጓዝ ውሃ አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚያቆየው። ደረቅ አፈር ላይ ካለበሳችሁት ድርቀቱን ነው የምትሸፍኑት። ከማንጠፋችሁ በፊት በካሬ ሜትር ሁለት ጀሪካን (40 ሊትር) በሁለት ቀን ከፍላችሁ አጠጡ። ካለበሳችሁ በኋላ የማታ ማታው የጎማ ርጭት ይቅር። ያ ርጭት ቅርፊቱን አርጥቦ ጠዋት በፀሐይ ይተናል፤ ለሥሩ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በምትኩ በካሬ አንድ ጀሪካን በአንድ ጊዜ፣ ጎማውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ በቀስታ። መቼ እንደሚደገም ቀን ሳይሆን ጣት ይወስናል፦ ጉዝጓዙን ገለጥ፣ አፈሩን 10 ሳንቲ ሜትር ጫር አድርጋችሁ ንኩ። እርጥብ ከሆነ መልሳችሁ ሸፍኑ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በየሦስት አራት ቀኑ፣ ቀዝቀዝ ሲል ከሳምንት በላይም ሊቆይ ይችላል።


ለገሃሬ_ጓሮ፦

የመደብ ሰው ጥሩ ብለሃል፤ መደቡን ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ነው ያለበስከው። አቦ፣ ድሬ ላይ ይሄ አይደረግም! ምስጥ አለ።

እህቴ፣ የቅርፊት ጉዝጓዝ ምስጥን ከሩቅ አይጠራም፤ እዚያው ያለውን ግን ጥላና እርጥበት ሰጥቶ ግድግዳው ድረስ ያደርሰዋል። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ተዉ ወይም ጠጠር አንጥፉበት። ጥቅሙ ምስጡን ማገዱ አይደለም፤ እንዲታይ ማድረጉ ነው። ምስጥ ባዶ ቦታ ሲያቋርጥ የጭቃ ቱቦ ይሠራል። በየሁለት ሳምንቱ ግድግዳውን ከሥሩ ማየትና ቱቦውን ማፍረስ፤ ተመልሶ ከተሠራ መንገዱ ሕያው ነው ማለት ነው፤ ያኔ የሚመለከተውን ባለሙያ ጥሩ። አመድ ይነሰንሳሉ፤ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ነው። የኒም ቅጠልም ጣልቃ ቢገባ አይከፋም፣ ግን ቤት አያስጠብቁበትም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱ አሉ፤ እሱን በፍጹም! አፈሩን ለዓመታት ያበላሻል፤ ሎሚና ማንጎ የምትበሉበት ግቢ ነው።

በዚህ ከሄድን የመደቡ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 12 × 0.9 = 10.8 ካሬ፣ 19 ሳጥን። ድምሩ ወደ 52 ይወርዳል፤ ረግቶ ለሚወርደው ከሚጨመረው ጋር 62፣ ማለትም 31 ማዳበሪያ።

እሬቱንም ከጉዝጓዙ ውጭ አድርጉት። ሥሩ ደረቅ መሬት የሚወድ ተክል ነው፤ እርጥብ ቅርፊት አንገቱ ላይ ከተከመረ ይበሰብሳል። የእሱን ጥግ በጠጠር ሸፍኑ። ቡገንቪላውም ወፍራም አይፈልግም፤ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ብዙ ውሃ ያገኘ ቡገንቪላ ቅጠሉን ያበዛና አበባውን ይረሳል።

ጎርፉ። ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ ይሄን የሚለውጥ ዘዴ የለም፤ ውሃው እንዳይደርስበት ወይም ሲደርስ ጉልበት እንዳይኖረው ማድረግ ብቻ ነው። መደቡን ከመሄጃው ንጣፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ 7 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ሲገባበት ገና 3 ሳንቲ ሜትር ከጠርዙ በታች ይሆናል። ብዙ ግቢ ላይ የሚሠራው ስሕተት መደቡን ከፍ አድርጎ እላዩ ላይ ቅርፊት መቆለል ነው፤ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ቅርፊቱን በሩ ላይ ይከምረዋል፣ የውሃ መውረጃውንም ይደፍነዋል። ጠርዙን በብሎኬት ወይም በድንጋይ ያዙት፤ በየሁለት ሜትሩ የጣት ስፋት ክፍተት ተዉ፣ አለበለዚያ ውሃ ተኝቶ የጽጌረዳውን ሥር ያፍናል።

ጎርፉ በቀጥታ በሚያቋርጥበት መስመር ላይ ቅርፊት አይሞከርም። እዚያ እንደ ደቻቱ ዓይነት አሸዋማ ወንዝ የሚያወርደው ዓይነት ድብልብል ድንጋይ፣ ቡጢ የሚያክል፣ ከሥሩ ደቃቅ ጠጠር። ጠጠርን ግን ጽጌረዳ ሥር አታስገቡ፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልሰዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ በሰኔ ከምራችሁ ብትጀምሩ የክረምቱ ዝናብ ክምሩን በነጻ ያጠጣላችኋል፣ በመስከረም ይደርሳል፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ እርጥብ አፈር ላይ ታነጥፉታላችሁ። ሁሉም ነገር የሚገጥመው ያኔ ነው።


ጀጎል_01፦

ከሐረር ነኝ፤ ስለ ቅርፊቱ የተባለው ይበቃል፤ ስለ ሌሎቹ ማልበሻዎች ልጨምር። እኛ አካባቢ ሌላ የሚገኝ ነገር ሞልቶ ሳለ ገጀራ ይዞ ልጣጭ መክተፍ ብቻ አይደለም መንገዱ።

የቡና ገለባ አለ። የሐረርጌ ቡና በደረቁ ስለሚዘጋጅ ገለባው የፍሬውን የደረቀ ሥጋና የውስጡን ቅርፊት አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ፖታሽየም በደንብ አለው፤ ለአበባና ለፍሬ ጥሩ ነው። ትኩሱ ግን ይግላል፣ ዝንብ ይጠራል፤ በውስጡ ያለው ካፌይንም ችግኝ ይጎዳል። እሱም ሦስት ወር ይከመር። ሲነጠፍ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከወፈረ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። ምርጡ አነጣጠፍ ሁለቱን መደረብ ነው፦ ከሥር 2 ሳንቲ ሜትር የተብላላ ገለባ፣ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ቅርፊት። ገለባው አፈሩን ይመግባል፣ ቅርፊቱ ገለባውን ከነፋስና ከፀሐይ ይጠብቃል።

የለውዝ ልጣጭም ከባቢሌ ወገን በገፍ ይመጣል። ቀላል ስለሆነ ብቻውን ከተነጠፈ የድሬ ነፋስ ጎረቤት ግቢ ያደርሰዋል፤ አርጥቦ ከቅርፊት ሥር ማድረግ ነው። ለውዝ ከአፈር ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ የግንድ አንገት የሚያበሰብሰውን ነጭ ሻጋታና ሥር የሚያቆስለውን ኔማቶድ የሚባል ደቃቅ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት መደብ ላይ አታድርጉት።

ገራባ (የጫት ትራፊ)፦ ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ከጉዝጓዝ ይልቅ ለኮምፖስት ነው (ፍየሎቹ ካስተረፉት)። እንጨቱ ተከትፎ ጥሩ ጉዝጓዝ ይሆናል። ጫት ላይ ግን ኬሚካል ይረጫል፤ ትኩሱን ለሰላጣና ለጎመን መደብ አትጠቀሙ።

ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በነጻ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ሁሉም የሚሮጥለት። ደቃቅ ስለሆነ ደርቆ ሲጋገር ውሃ ያንከባልላል። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ የሚቆረጥበት ቤት ከሆነ ሙጫ አለበት፤ አረንጓዴ ቀለም የነካው ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚሸት እንጨት ከሆነ መድኃኒት የጠጣ ነው። ሁለቱም አይገቡም። ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ቅርንጫፍ ከትፈው የሚያመጡ ካሉም ፍሬው ያለበት እንዳይሆን፤ አንድ ጊዜ ግቢ ከገባ አይወጣም።

ሐረር ላለ አንባቢ፦ እኛ ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ እንላለን፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናቡም ይሻላል። እዚህ 7 ሳንቲ ሜትር ሲቀመጥ ክረምት ላይ አፈሩ አይደርቅም፣ ቀንድ አውጣም ይሰፍርበታል። 4 ወይም 5 ይበቃል። በጀጎል ግቢዎች ውስጥ ለሚቀመጡ የአበባ ጣሳዎች 2 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱን ሳይነካ።


ሳቢያን_ግቢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ነገር ቀረኝ። ጽጌረዳው አሁንም ትንሽ ቢጫ ነው፤ ቅርፊት ናይትሮጅን ይበላል ሲባል ስለሰማሁ እንዳይብስ ፈራሁ። ሎሚውም ቢጫ ነው፤ ቅርፊት አፈሩን አሲድ ያደርጋል ሲሉ ደግሞ እሱን ይፈውሰው ይሆን? ከሥር ላስቲክ ማንጠፍስ አረሙን አያጠፋም? እንግጫና ሰርዶ አስቸግሮናል።


የመደብ_ሰው፦

ቢጫው ሁለት ዓይነት ነው፤ የትኛው ቅጠል እንደሆነ እዪ። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል በሙሉ ከገረጣ ናይትሮጅን ነው። ከላይ ያለው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ብረት ነው። ሎሚው ሁለተኛው ቢሆን አይገርመኝም፤ ውሃችንና አፈራችን ኖራ ስለበዛበት ብረቱ መሬት ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም።

ቅርፊት ናይትሮጅን የሚይዘው አፈሩን በሚነካበት ስስ ንጣፍ ላይ ነው፤ እላይ ተነጥፎ እስካለ ጥልቅ ሥር ያለውን ተክል አያስርበውም። የሚያስርበው ሲቆፈርና ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ነው። ስለዚህ መደቡን በምትኮተኩቱበት ጊዜ ጉዝጓዙን ወደ ጎን ጥረጉ፤ ኮትኩቱና መልሱት። ዘር ወይም ለጋ ችግኝ ያለበት ቦታም እስኪጠነክር ድረስ ባዶ ይሁን። ለጽጌረዳው ከማንጠፋችሁ በፊት 2 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት አፈሩ ላይ አድርጉ። ኮምፖስት ካልተገኘ በካሬ አንድ የክብሪት ቀፎ ዩሪያ (15 ግራም ገደማ) በትናችሁ አጠጡና ከዚያ ቅርፊቱን አልብሱ። ዩሪያው ከቅርፊቱ በላይ አይበተን፤ ከፊሉ ተንኖ ይጠፋል።

አሲድ የሚለውን እርሺው። ላይ ላዩን የተነጠፈ ቅርፊት በየጊዜው ኖራ የሚያመጣ ውሃ የሚጠጣን አፈር አይለውጥም። ለሎሚው የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው የብረት ኪሌት (ብረቱን ኖራው እንዳያስረው አቅፎ የሚይዝ ውህድ) ነው፤ ቀላ ያለ ዱቄት፣ በውሃ ተበጥብጦ ሥር ላይ የሚፈስ፤ መጠኑ እቃው ላይ እንደተጻፈው። ተራው ኢዲቲኤ ኖራ ባለበት አፈር ላይ ቶሎ ስለሚፈርስ ብር ማባከን ነው። ሲገዛ ስሙን ማንበብ።

ሎሚ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይቅር ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። እርጥብ ቅርፊት ግንዱን ከነካ ልጣጩ ሥር በሽታ ይገባል፤ ሙጫ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ግንዱን ዙሪያውን ከበላው ዛፉ ይሄዳል።


ለገሃሬ_ጓሮ፦

ላስቲኩን ተይው። ውሃም አየርም ይከለክላል፤ ሥሮቹ እርጥበት ፍለጋ ላስቲኩ ሥር ላይ ላዩን ይሄዳሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ላስቲኩ ተቦጫጭቆ ከቅርፊቱ ጋር ይቀላቀላል፣ መልቀሙ የባሰ ነው። ለተራ አረም ካርቶን ይበቃል፦ ፕላስቲኩንና ስፒሉን አውጥተሽ፣ ነክረሽ፣ ጫፍ ለጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር አደራርበሽ አንጥፊ፤ እላዩ ላይ ቅርፊት። ምስጥ ካርቶን ስለሚወድ ግን ከግድግዳው ወገን አይሁን።

እንግጫና ሰርዶ በካርቶንም በቅርፊትም አይቆሙም። እንግጫ ከታች ፍሬ አለው፤ ሹል ቅጠሉ ካርቶኑን ወግቶ ይወጣል። አስቀድማችሁ በመኮትኮቻ ሳይሆን በዶማ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ፍሬውን ከነሥሩ ልቀሙ፤ አጠጡ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ የበቀለውን ደግማችሁ ልቀሙ። ሦስተኛ ዙር ካስፈለገም ይደረግ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጥቂት ስለሚሆን ከላላው ቅርፊት ውስጥ በእጅ ይሳባል። ሰርዶው የሚገባው ከጠርዝ ነው፤ የብሎኬቱ መሠረት 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረድ። ፋረምሲስ (ፓርቲኒየም የሚባለው ወራሪ አረም) ካለ አበባ ሳያወጣ በጓንት ይነቀል፤ ክምሩ ውስጥም እንዳይገባ።


ጀጎል_01፦

ጓንት ካነሳህ አይቀር፦ ድሬ ላይ ጊንጥ ቅርፊት ሥር መተኛት ይወዳል። ጉዝጓዙን ለማየት ስትገልጡ በባዶ እጅ ሳይሆን በመኮትኮቻ ወይም በዱላ ይሁን፤ ሕፃናት የሚጫወቱበት ጥግና የእንግዶች መግቢያ አጠገብም ቅርፊት ከሚነጠፍ ጠጠር ይሻላል። የከሰል ማንደጃና የሺሻ ፍምም ከደረቀ ቅርፊት ራቅ ይበል።

በዓመት አንዴ፣ መስከረም ላይ፣ ስንት እንደቀረ በማስመሪያ ለኩና የጎደለውን ብቻ ጨምሩ። በየዓመቱ 7 ሳንቲ ሜትር እላዩ ላይ የሚደርቡ አሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ግንዱ ተቀብሮ ይገኛል።


ሳቢያን_ግቢ፦

ገባኝ። ሰዎቹ ልጣጩን እርጥቡን እንዲያመጡ፣ ፌጦም ከገበያ እንዲገዛ ተናግሬያለሁ። ክምሩ ሲደርስ የፌጦውን ውጤት እዚሁ እጽፋለሁ።